የሰፈር ሳይክል መጠገኛ ምሰሶ አሠራር

«ይቺ ነገር ስንት ፈጀች? ማን በየዳት? እኛ ሰፈርስ ትሆናለች?» ባሕር ዳር ውስጥ ሳይክል የሚነዳ ሰው ባገኘሁ ቁጥር የምጠየቀው ይህንኑ ነው። ለእያንዳንዱ ሰው ከመጀመሪያው ከማስረዳት አንዴ ጽፌው ልገላገል።

የምናወራው ስለ አንድ የብረት ምሰሶ ነው። ሁለት ክንዶች አሉት። ሳይክሉን በኮርቻው ታንጠለጥሉበታላችሁ። ሁለቱም ጎማ ከመሬት ይነሳል፣ ፔዳሉ እንደልብ ይዞራል። ምሰሶው ላይ ቁልፎች በብረት ገመድ ታስረዋል። አጠገቡ ጎማ መንፊያ አለ። በቃ። ሳይክሉን መንገድ ዳር ገልብጦ፣ መሪውን አፈር እያስነካ የሚታገል ሰው ይህን ካገኘ ሥራው በግማሽ ይቀልለታል።

ዋጋ አልጽፍም። ብረት ዛሬ በገዛችሁበት ዋጋ ነገ አይገኝም። ልኩንና ብዛቱን ይዛችሁ ሁለት ሦስት ሱቅ ጠይቁ።

ከብረቱ በፊት ሰው

ምሰሶው ብቻውን ከቆመ አይቆይም። ቁልፉ ይጠፋል፣ መንፊያው ይሰበራል፣ ከዚያ ልብስ ማስጫ ይሆናል። ስለዚህ ቦታ ከመምረጣችሁ በፊት ቀኑን ሙሉ እዚያው የሚውል ሰው ፈልጉ። ጀበና ቡና የምታፈላ እናት፣ ሊስትሮ፣ የግቢ ጥበቃ፣ ባለ ኪዮስክ ሊሆን ይችላል። ከሁሉም የሚሻለው ግን ጎሚስታ ነው።

«ገበያውን እንሻማበታለን እኮ» የሚል አይጠፋም። አይመስለኝም። ፍሬን ማጥበቅና ንፋስ መሙላት ለጎሚስታው ብዙም የሚያስገኝለት ነገር የለም። ሰው ራሱ ሞክሮ ያቃተውን ቸርኬ ማቃናትና ካላማዳሪ መለጠፍ ግን እዚያው አጠገቡ ላለው ይሰጠዋል። በቅድሚያ ሄዳችሁ አማክሩት። እሱ ካልተስማማ ሌላ ቦታ ፈልጉ።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

ለምሰሶው፦
- ባለ 2 ኢንች ጋልቫናይዝድ ቧንቧ፣ ውፍረቱ ከ3 ሚሊ የማያንስ፣ 2 ሜትር ከ40። አንድ ቤርጋ (ሳይቆረጥ የሚሸጠው ሙሉ ቧንቧ) 6 ሜትር ስለሆነ ሁለት ምሰሶ ይወጣዋል። ከጎረቤት ሰፈር ጋር ተካፍላችሁ ብትገዙ ያዋጣል። የተረፈው 1 ሜትር ከ20 ለመንፊያው ማቆሚያ ይሆናል።
- ባለ ¾ ኢንች ቧንቧ፣ 45 ሳንቲም የሆኑ ሁለት ቁራጮች (ክንዶቹ)
- 8 ሚሊ ላሜራ፣ 15 በ12 ሳንቲም
- 6 ሚሊ ላሜራ፣ ለማጠናከሪያ ሦስት ማዕዘኖች
- ባለ 12 ፌሮ፣ 25 ሳንቲም የሆኑ ሁለት ቁራጮች
- ባለ 8 ፌሮ፣ ለቀለበቶች
- ሁለት የ12 ብሎን ከነዳዶው፣ ሁለት ሰፋፊ ሮንዴላ
- አንድ ሜትር ያህል የውሃ ጎማ፣ ክንዶቹን ለማልበስ
- አንቲረስትና የዘይት ቀለም፣ ብርጭቆ ወረቀት

ለመሠረቱ፦
- ለምሰሶው አንድ ባለ 50 ኪሎ ከረጢት ሲሚንቶ፣ ለመንፊያው ማቆሚያ ትንሽ ተጨማሪ፣ አሸዋ፣ ጠጠር
- ዶማ፣ አካፋ፣ ውሃ ልክ፣ መደገፊያ እንጨት

ለጥገናው፦
- 8/10 እና 14/15 ቁልፍ፣ አንድ የሚሰፋና የሚጠብ ቁልፍ
- አለን ቁልፍ 4፣ 5 እና 6
- ጠፍጣፋና ባለ መስቀል ካቻቢቴ
- ሁለት የጎማ ማውለቂያ
- ባለ 4 ሚሊ የብረት ገመድና መጭመቂያ ቀለበት
- የቁም ጎማ መንፊያ

ሞርሳ፣ መዶሻ፣ ፒንሳ እያላችሁ አታብዙ። ዕቃ በበዛ ቁጥር የሚጠፋውም ይበዛል። ከላይ ያሉት ብዙውን የሳይክል ብሎን ይፈታሉ። 15 ቁልፍ ግን የግድ ነው። ፔዳልና የኋላ ጎማ በአብዛኛው የሚፈታው በእሱ ነው።

አሠራር

1. ቦታ ምረጡ፣ ፈቃድ ጠይቁ።
ሳይክሉ ክንዶቹን አቋርጦ ስለሚንጠለጠል ከጎን ወደ ጎን 2 ሜትር ክፍት ቦታ ይፈልጋል። ከፊት ደግሞ ለሚጠግነው ሰው ሜትር ተኩል። ይህ ሁሉ የእግረኛ መንገድ ላይ መውደቅ የለበትም። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ግቢዎች የሆኑት ፔዳ ወይም ፖሊ በር አካባቢ ያለውን የተማሪ ግርግር አስቡት። ሰው የሚጋፋበት ቦታ ላይ የተንጠለጠለ ሳይክል አደጋ ነው።

ጥላ ጥሩ ነው። ፀሐይ ጎማና ፕላስቲክ ያደርቃል። ትልቅ ዋርካ ሥር ግን አትትከሉ። ሥሩ ቆይቶ ኮንክሪቱን ያነሳዋል፣ ከላይ ደግሞ ወፎቹ አሉ። ዘንባባ ሥርም ከሆነ የደረቀው ቅጠል ከማይወድቅበት ራቅ በሉ።

ቀበሌያችሁን ሳትጠይቁ አትቆፍሩ። የሚጠየቀው ፈቃድ ብቻ አይደለም። በዚያ ቦታ የውሃ መስመር፣ የቴሌ ገመድ ወይም የመብራት መስመር እንዳያልፍ አረጋግጡ። የመንግሥት ግቢ አጥር ውስጥ፣ የትምህርት ቤት ወይም የቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ከሆነ የግቢውን ኃላፊ አነጋግሩ።

2. ወቅቱን ጠብቁ።
ክረምት ላይ መቆፈር ልፋት ነው። ጉድጓዱ ውሃ ይሞላል፣ ግድግዳው ይናዳል፣ ኮንክሪቱም ይቀጥናል። ሐይቁ ዳር ከሆናችሁ ደግሞ ዝናቡ ስላበቃ ብቻ አትቸኩሉ። ጣና በጣም የሚሞላው መስከረምና ጥቅምት አካባቢ ነው። በዚያን ጊዜ ዳርቻው ላይ ብትቆፍሩ ውሃው ከታች ይመጣባችኋል። ከታኅሣሥ እስከ ሚያዝያ ያለው ጊዜ ይሻላል።

3. ብረቱን ቁረጡ፣ ብየዳውን በያጁ ጋ ጨርሱ።
ቦታው ላይ የሚቀረው ሥራ ኮንክሪት ብቻ ይሁን። መንገድ ዳር ገመድ ዘርግቶ መበየድ ለእናንተም ለመንገደኛውም ጥሩ አይደለም።

ሀ. ከምሰሶው ታችኛ ጫፍ 15 ሳንቲም ከፍ ብላችሁ ሁለቱን ባለ 12 ፌሮዎች በመስቀል በየዱ። ይህ ካልተደረገ ሳይክሉ ክንዱን ሲገፋው ምሰሶው ኮንክሪቱ ውስጥ ቀስ በቀስ መዞር ይጀምራል። ነቅሎ መውሰድ ለሚያምረውም ፌሮው መልስ አለው።

ለ. የምሰሶውን የላይኛ ጫፍ በላሜራ ዙሪያውን ዝጉት። ክፍት ከተተወ ዝናቡ ውስጡ ይገባና ብረቱ ከውስጥ ይዝጋል። ከውጭ ቀለሙ ያምራል፣ ውስጡ ግን ያለቀለት ነው። የታችኛው ጫፍ ግን ክፍት ይቅር። ምክንያቱን ቁጥር 5 ላይ እናየዋለን።

ሐ. 15 በ12 የሆነውን ላሜራ ምሰሶው ላይ በየዱ። ከፍታው ከመሬት 125 ሳንቲም ላይ ይሁን። 75 ሳንቲም መሬት ውስጥ ስለሚገባ ከታችኛው ጫፍ 2 ሜትር ላይ ማለት ነው። ለምን 125? ትልቁ የከተማ ሳይክል ከባድ ነው። ከዚያ ከፍ ካለ ሴትዮዋም ታዳጊውም ማንሳት አይችሉም። ዝቅ ካለ ደግሞ የሚጠግነው ሰው ይጎብጣል።

መ. ሁለቱን ክንዶች ላሜራው ላይ ጎን ለጎን በየዱ። በመካከላቸው 5 ሳንቲም ክፍተት ይኑር። የውሃ ጎማው ሲለብስ ወደ 4 ሳንቲም ይጠባል። የኮርቻው ቱቦ በዚህ ክፍተት ይገባል፣ ኮርቻው ደግሞ ሁለቱ ክንዶች ላይ ይቀመጣል። ክንዶቹ ጫፋቸው ከሥራቸው 3 ሳንቲም ያህል ቀና ይበል። ሳይክሉ እየተነቀነቀ ወደ ውጭ እንዳይንሸራተት የሚያደርገው ይህ ነው።

ሠ. በእያንዳንዱ ክንድ ሥር የሦስት ማዕዘን ማጠናከሪያ አስገቡ። ሳይክሉ ራሱ ይህን ያህል አይከብድም። ችግሩ ልጆች ናቸው። መንጠልጠላቸው አይቀርም። እንዲያውም ሁለት ሆነው ነው የሚንጠለጠሉት። ብየዳው ይህን መቻል አለበት።

ረ. የክንዱ ጫፍ ውስጥ የ12 ዳዶ አስገብታችሁ በየዱት። ቀለም ከተቀባ በኋላ የውሃ ጎማውን ታለብሱታላችሁ፣ ከዚያ ሰፊውን ሮንዴላ በብሎን ታስራላችሁ። ሮንዴላው ከክንዱ ወጣ ስለሚል ሳይክሉን ያግደዋል። የሚፈታ ስለሆነ ደግሞ ጎማው ሲበላ መቀየር ትችላላችሁ። በያጁ «እኔ ዝም ብዬ ልበይድልህ» ይላል። እሺ አትበሉት።

ሰ. ከላሜራው በታች ከባለ 8 ፌሮ የተሠሩ አራት ቀለበቶች በየዱ። የቁልፎቹ ገመድ የሚታሰረው እነሱ ላይ ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ ጋልቫናይዝድ ብረት ሲበየድ የሚወጣው ነጭ ጢስ መርዛማ ነው። ማታ ላይ ብርድ ብርድ ይላል፣ ትኩሳት ያመጣል፣ ሰውነት ይቆራርጣል። የሚበየደውን ቦታ ዙሪያ 5 ሳንቲም ያህል ሽፋኑን በግራይንደር አስወግዱ። ሥራው ደጅ ይሁን፣ ነፋሱን ከኋላችሁ አድርጉ። ወተት ጠጥቶ መበየድ የተለመደ ነው። ወተት ግን ጢሱ ሳንባ እንዳይገባ አያግደውም። የበያጅ ማስክ ሳይዝ ማንም አጠገቡ ቆሞ አይመልከት፣ በተለይ ልጆች።

4. ቀለም ቀቡ።
ጋልቫናይዝድ ብረት ለስላሳ ስለሆነ ቀለም አይዝም። መጀመሪያ በብርጭቆ ወረቀት ሻከር አድርጉት፣ አቧራውን በጨርቅ ጥረጉ። የተበየደው ቦታ ሁሉ አንቲረስት ሁለት ጊዜ ይቀባ። መከላከያው ሽፋን የተነሳው እዚያ ስለሆነ ዝገት የሚጀምረውም እዚያ ነው። ከዚያ የዘይት ቀለም። ደማቅ ቀለም ምረጡ፣ ማታ ሰው እንዳይጋጨው።

5. ጉድጓዱን ቆፍሩ።
40 በ40 ሳንቲም ስፋት፣ 80 ሳንቲም ጥልቀት። ግድግዳው ቀጥ ያለ ይሁን፣ ከታች ትንሽ ሰፋ ይበል። ብዙ ሰው በተቃራኒው ከላይ ሰፊ ከታች ጠባብ አድርጎ ይቆፍራል፣ ስለሚቀል። ዋልካ መሬት ላይ ይህ ትልቅ ስህተት ነው። ዋልካ ክረምት ሲጠጣ ያብጣል፣ በጋ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ሲያብጥ የሰፋውን የኮንክሪት አናት ከሥር ይዞ ወደ ላይ ይገፋዋል። ዓመት ዓመት ምሰሶው እየተነሳና እየተጋደመ ይሄዳል። ከታች የሰፋ መሠረት ግን መሬቱ ራሱ ይዞ ያስቀረዋል።

ከሥር 10 ሳንቲም ጠጠር አፍሱና በደንብ ጠቅጥቁ። ምሰሶውን ስታቆሙ ክፍት ጫፉ 5 ሳንቲም ያህል ጠጠሩ ውስጥ ይግባ። ቧንቧው ውስጥ እርጥበት ቢገባ መውጫ የሚያገኘው በዚያ ነው። ቧንቧውን ኮንክሪት ከዘጋው ውሃው ተኝቶ ብረቱን ይበላዋል።

ሥራው በአንድ ቀን ካላለቀ ጉድጓዱን በጣውላና በድንጋይ ሳትሸፍኑ አትደሩ።

6. ምሰሶውን አቁሙ፣ ኮንክሪት ሙሉ።
ክንዶቹ ወዴት እንደሚያዩ አሁን ወስኑ፣ በኋላ አይዞርም። ወደ መንገዱ አይሁኑ። የሚጠግነው ሰው ጀርባውን ለባጃጅ መስጠት የለበትም።

በሦስት አቅጣጫ በእንጨት ደግፉት። ውሃ ልኩን በሁለት ጎን አስጠግታችሁ እዩ፤ በአንድ ጎን ቀጥ ያለ ምሰሶ በሌላው ሊያጋድል ይችላል።

ድብልቁ አንድ ባልዲ ሲሚንቶ፣ ሁለት ባልዲ አሸዋ፣ ሦስት ባልዲ ጠጠር ነው። ውሃ አታብዙ። የሚፈስ ኮንክሪት ለማፍሰስ ይመቻል፣ ሲደርቅ ግን ደካማ ነው። በአካፋ ሲነሳ ቅርጹን ይዞ የሚቆይ ከሆነ ልክ ነው። ሃያ ሃያ ሳንቲም እያደረጋችሁ ሙሉ፣ በየመሐሉ በፌሮ ወጋ ወጋ አድርጉት፣ አየር እንዳይቀር።

አናቱ ከመሬት 5 ሳንቲም ከፍ ይበልና ከምሰሶው ወደ ውጭ ያዘቅዝቅ። የምሰሶ ብረት ቶሎ የሚበላው ኮንክሪቱና አየሩ የሚገናኙበት ቦታ ላይ ነው። እዚያ ውሃ ከተኛ ቀለሙ አያድነውም።

እርጥብ ሲሚንቶ ቆዳ ይልጣል። ጓንት ከሌለ ፌስታልም ቢሆን እጃችሁ ላይ እሰሩ፣ ቶሎ ታጠቡ።

7. ውሃ አጠጡት፣ ታገሡት።
እርጥብ ጆንያ አልብሳችሁ ጠዋትና ማታ ለ7 ቀን ውሃ አጠጡ። በበጋው ፀሐይ ኮንክሪቱ ሳይጠነክር ከደረቀ ይሰነጠቃል። ድጋፉን በሳምንቱ ማንሳት ይቻላል። ሳይክል ለማንጠልጠል ግን ሁለት ሳምንት ጠብቁ። እስከዚያ ክንዶቹን በጆንያ ጠቅልሉና «ገና ነው» ብላችሁ ጻፉበት። ባትጽፉ በማግሥቱ ይንጠለጠልበታል።

8. ቁልፎቹን እሰሩ።
ብዙው ምሰሶ የሚከሽፈው እዚህ ላይ ስለሆነ ጊዜ ስጡት።

የገመዱን ርዝመት በግምት አትቁረጡ። ትልቁን ሳይክል አንጠልጥሉ። በሲባጎ ከቀለበቱ እስከ ፊት ጎማው ዳዶ ለኩ፣ 10 ሳንቲም ጨምሩ። አጭር ከሆነ ቁልፉ አይደርስም፣ ሰው ይጎትተዋል፣ ይበጠሳል። በጣም ከረዘመ መሬት ላይ ይጎተታል፣ አሸዋና ጭቃ ይጠጣል። ለማንኛውም ሥራ ሲያልቅ ቁልፉ የሚቀመጥበት ከላሜራ የታጠፈ ኪስ ምሰሶው ላይ ይኑር። ከሥሩ ቀዳዳ ይኑረው፣ ዝናብ እንዳይጠራቀም።

ካቻቢቴው ከሆነ እጀታውን በትራፓኖ በስታችሁ ገመዱን አሳልፉ። ቁልፍ ግን ጠንካራ ብረት ስለሆነ መብሳት ያስቸግራል። መሐሉ ላይ ትንሽ ቀለበት አስበይዱ። አፉ አጠገብ አይበየድ፣ ሙቀቱ ጥንካሬውን ያጠፋዋል። ቁልፉ ላይ ያለው የሚያብረቀርቅ ሽፋንም ከመበየዱ በፊት ይፋቅ። የእሱም ጢስ መርዝ ነው።

የገመዱን ጫፍ በብሎን ማሰሪያ አትሰሩ። ሌባው የሚፈታው በምን መሰላችሁ? እዚያው ባንጠለጠላችሁለት 10 ቁልፍ። የሚጨመቅ ቀለበት ተጠቀሙ። እሱ ካልተገኘ የብሎን ማሰሪያውን አስራችሁ የብሎኑን ጫፍ በመዶሻ ቀጥቅጡት፣ ዳዶው እንዳይዞር።

9. መንፊያውን አዘጋጁ።
የተረፈውን 1 ሜትር ከ20 ቧንቧ ከምሰሶው ሜትር ያህል ራቅ አድርጋችሁ 50 ሳንቲም ቅበሩ፣ በዚያው ዓይነት ኮንክሪት። መንፊያው ቀን ቀን እሱ ላይ በሰንሰለት ይታሰራል። ማታ ማታ ደግሞ የሚጠብቀው ሰው ቤት ይግባ። ቁልፍ ዝናብ ይችላል፣ መንፊያ አይችልም።

ስትገዙ ጫፉን እዩ። ከተማው ውስጥ ሁለት ዓይነት ቫልቭ አለ። እንደ መኪና ወፍራም የሆነው አለ። ሌላው የድሮው ቀጠን ያለ፣ ውስጡ ትንሽ የላስቲክ ቱቦ ያለው ነው። ለሁለቱም የሚሆን ጫፍ ከሌለው መቀየሪያውን አብራችሁ ግዙ። አለዚያ ግማሹ ሰው መጥቶ ሳይሞላ ይመለሳል።

10. ምሰሶው ላይ ጻፉ።
ረጅም ጽሑፍ ማንም አያነብም። አራት መስመር ይበቃል፦
- ሳይክሉን በኮርቻው አንጠልጥል፣ ኮርቻው መጥበቁን መጀመሪያ እይ
- የግራ ፔዳል በተቃራኒው ይፈታል
- የንፋሱ ልክ ጎማው ጎን ላይ ተጽፏል
- ቁልፉን ወደ ኪሱ መልስ

ሁለተኛዋን መስመር አትዝለሉ። የግራ ፔዳል ጥርስ የተገላቢጦሽ ነው። ወደ ቀኝ ስታዞሩት ይፈታል፣ ወደ ግራ ይጠብቃል። ይህን የማያውቅ ሰው ኃይሉን ሁሉ ተጠቅሞ ያጠብቀዋል፣ ወይ ቁልፉን ይሰብራል ወይ ጥርሱን ይበላዋል።

ብዙ ጊዜ የሚታዩ ስህተቶች

ወጪ ለመቀነስ በቧንቧው ፋንታ ስስ ቱቦላሬ መጠቀም አንዱ ነው። ለመስኮትና ለበር ጥሩ ነው። ክንድ ሲበየድበት ግን ብየዳው ይበሳዋል፣ ውስጡም ቶሎ ይዝጋል።

ሌላው ምሰሶውን ግድግዳ ጥግ መትከል ነው። ቦታ የቆጠበ ይመስላል። ሳይክሉ ሲንጠለጠል መሪው ግድግዳውን ይመታል፣ ፊተኛው ጎማም አይዞርም።

የተቃጠለ የሞተር ዘይት በጠርሙስ ማስቀመጥም ተለምዷል። አታድርጉት። ውስጡ የብረት ብናኝ ስላለ ካቴናውን ይበላዋል። የፈሰሰው ደግሞ ዝናብ ሲመጣ በቦዩ አድርጎ ሐይቅ ይገባል። የምግብ ዘይትም አይሆንም፣ ሲቆይ ሙጫ ይሆናል። ንጹሕ የሞተር ዘይት በትንሽ ጠርሙስ ጠባቂው ጋ ይቀመጥ። ለእያንዳንዱ የካቴና አንጓ አንድ ጠብታ፣ ከዚያ በጨርቅ መጥረግ። ጨርቁም እዚያው ይመለስ።

እንክብካቤ

በወር አንዴ ገመዶቹን በእጃችሁ ዳብሱ። አንድ ክር እንኳ ተበጥሶ ከወጣ እጅ ይቆርጣል፣ ቀይሩት። የክንዶቹን ብሎን አጥብቁ። ክረምት ሊገባ ሲል፣ ግንቦት ላይ፣ የተላጠ ቀለም ፈልጋችሁ አንቲረስት ንኩት። መስከረም ላይ ደግሞ ውሃ ልኩን መልሳችሁ ምሰሶው ላይ አድርጉ። ካጋደለ በኮንክሪቱ ዙሪያ ያለውን አፈር ቆፍራችሁ ዋልካውን አውጡ፣ ምሰሶውን አቃኑና በጠጠር ጠቅጥቁት።

መንፊያው ንፋስ እምቢ ካለ ከመጣላችሁ በፊት ፍቱት። ብዙ ጊዜ የተበላሸው ውስጡ ያለው ቆዳ ወይም ጎማ ብቻ ነው። የደረቀ ቆዳ ከሆነ ዘይት አጠጡት፣ በጣታችሁ ከፈት ከፈት አድርጉትና መልሱት። የተቀደደ ጎማ ከሆነ ጎሚስታው ከአሮጌ ካላማዳሪ ቆርጦ ይተካላችኋል።